ቶማስ ሳንካራን ማን ገደለው? ለምንስ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከ1983 እስከ 1987 ቡርኪና ፋሶን የመራው የቶማስ ሳንካራ ስም በእኛ ዘንድ በተነሳ ቁጥር ሁለት ነገሮች አብረው ይነሳሉ፤ አዲስ አበባ ላይ ስለ ዕዳ ያደረገው ንግግርና አሟሟቱ። ብዙ ሰው ሁለቱን አገናኝቶ «ፈረንሳይ ናት ያስገደለችው» ብሎ ይጨርሰዋል። ነገሩ ግን እንዲህ በአንድ ዓረፍተ ነገር አያልቅም። በችሎት የተረጋገጠ አለ፣ ምስክር የተናገረው አለ፣ ከሁኔታው ተነስቶ የሚጠረጠርም አለ። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ሦስቱን ለመለየት ይሞክራሉ። ዓመታቱ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው፤ ዋና ዋናዎቹ ቀኖች በእኛም አቆጣጠር ተጠቅሰዋል።

ሳንካራ የተገደለው መቼ፣ የትና እንዴት ነው?

ሐሙስ ኦክቶበር 15 ቀን 1987 ነው፤ በእኛ ጥቅምት 4 ቀን 1980 ዓ.ም.። ቦታው በቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ ዋጋዱጉ ውስጥ ያለው፣ የአብዮታዊው መንግሥት መቀመጫ የነበረው «ኮንሴይ ደ ላንታንት» የተባለ ግቢ ነው። ከሰዓት በኋላ ከአሥር ሰዓት ጥቂት አለፍ ሲል ሳንካራ ከቅርብ ረዳቶቹ ጋር ለስብሰባ ተቀመጠ። ሐሙስ የመንግሥት ሠራተኛው ሁሉ ስፖርት የሚሠራበት ቀን ስለነበር ቱታ ለብሶ ነበር። ስብሰባው ገና ከመጀመሩ ተኩስ ተሰማ። ከክፍሉ በሕይወት የተረፈው አንድ ሰው እንደመሰከረው ሳንካራ ተነስቶ «እናንተ እዚሁ ቆዩ፤ የሚፈልጉት እኔን ነው» አለና እጆቹን ወደ ላይ አንስቶ ወጣ። በሩ ላይ ተኩሰው ጣሉት። ዕድሜው ገና 38 አልሞላም ነበር።

አስከሬኑን በዚያው ሌሊት ዳኞኤን በተባለው የከተማዋ መቃብር ያለ ሥርዓት ቀበሩት። ቤተሰብ አልተጠራም። ከወራት በኋላ ለቤተሰቡ የተሰጠው የሞት የምስክር ወረቀት «በተፈጥሮ ሞት» ይላል። ይህን ወረቀት በልባችሁ ያዙት፤ የሤራውን ባሕርይ እንደሱ አድርጎ የሚያሳይ ማስረጃ የለም።

ብቻውን ነው የሞተው?

አይደለም። አብረውት 12 ሰዎች ተገድለዋል። ረዳቶቹ፣ ጠባቂዎቹና ሾፌሮቹ ነበሩ። አንዱማ ደብዳቤ ሊያደርስ ወደ ግቢው የመጣ ጃንደርም (የጦር ፖሊስ) ነው፤ ከፖለቲካው ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። ስለ ሳንካራ ሲጻፍ እነዚህ ሰዎች መረሳታቸው ያሳዝናል። ክሱ ለዓመታት እንዳይሞት ያደረጉት ግን የእነሱም ሚስቶችና ልጆች ናቸው።

ተኳሾቹ እነማን ነበሩ? ትእዛዙንስ ማን ሰጠ?

ይህ ክፍል ዛሬ የጭምጭምታ ጉዳይ አይደለም። በዋጋዱጉ የተሰየመው ወታደራዊ ፍርድ ቤት ኤፕሪል 6 ቀን 2022 (መጋቢት 28 ቀን 2014 ዓ.ም.) ውሳኔ ሰጥቶበታል።

በውሳኔው መሠረት ሦስት ሰዎች የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶባቸዋል። የመጀመሪያው ብሌዝ ኮምፓዎሬ ነው፤ በወቅቱ የመንግሥቱ ሁለተኛ ሰውና የፍትሕ ሚኒስትር፣ ከግድያው በኋላ ደግሞ ለ27 ዓመታት ፕሬዝዳንት የነበረው። የተፈረደበት በመንግሥት ጸጥታ ላይ በተቃጣ ወንጀል፣ በግድያ ተባባሪነትና አስከሬን በመደበቅ ነው። ሁለተኛው ያሲንት ካፋንዶ የኮምፓዎሬ የጥበቃ ኃላፊ ነበር፤ ገዳዮቹን እየመራ ወደ ግቢው የገባው እሱ ነው ተብሏል። ሦስተኛው ዢልበር ዲያንዴሬ ነው። በ1987 በፖ ከተማ የሰፈረው የኮማንዶ ጦር መኮንን ሲሆን የግቢው ጥበቃም በእሱ እጅ ነበር፤ በኋላ ጄኔራልና የኮምፓዎሬ ዘመን ኃያል ሰው ሆኗል።

ከ14ቱ ተከሳሾች ሌሎች ስምንቱ ከ3 እስከ 20 ዓመት ሲፈረድባቸው ሦስቱ በነጻ ተለቀዋል። ዐቃቤ ሕግ ለኮምፓዎሬና ለካፋንዶ 30 ዓመት፣ ለዲያንዴሬ 20 ዓመት ነበር የጠየቀው፤ ችሎቱ ከተጠየቀው በላይ ፈረደ። ኮምፓዎሬና ካፋንዶ የተፈረደባቸው በሌሉበት ነው።

ዲያንዴሬ ችሎት ቀርቦ ተከራክሯል። ስፖርት ሜዳ ላይ ሳለ ተኩስ ሰምቶ እንደመጣና ሲደርስ ሁሉም ነገር እንዳለቀ ተናገረ። ዳኞቹ አላመኑትም። ኮምፓዎሬ በበኩሉ ያን ቀን ታምሞ ቤቱ ተኝቶ እንደነበር ሲናገር ኖሯል። ክሱ ግን ገዳዮቹ የተነሱት ከእሱው መኖሪያ ቤት መሆኑን ነው ያስረዳው።

ኮምፓዎሬ እኮ የቅርብ ጓደኛው ነበር። ምን አጣላቸው?

ከቅርብም ቅርብ ነበር። በሞሮኮ ወታደራዊ ሥልጠና ላይ ተዋወቁ፤ ከዚያ በኋላ ኮምፓዎሬ በሳንካራ ወላጆች ቤት እንደ ልጅ የሚታይ ሰው ሆነ። በሜይ 1983 ሳንካራ ከጠቅላይ ሚኒስትርነቱ ተነስቶ ሲታሰር ከፖ ጦር ይዞ ዘምቶ ኦገስት 4 ቀን 1983 ያስፈታውና ወደ ሥልጣን ያወጣውም ኮምፓዎሬ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክንያት ከዚሁ ይጀምራል። መንበሩ የሳንካራ፣ ጠመንጃው የኮምፓዎሬ ነበር። የሀገሪቱ ምርጥ ጦር የሚታዘዘው ለፕሬዝዳንቱ ሳይሆን ለወዳጁ ነው። ወዳጅነቱ እስካለ ድረስ ይህ አያስጨንቅም፤ ሲሻክር ግን ሳንካራ ባዶ እጁን ቀረ።

ሁለተኛው የፓርቲ ጥያቄ ነው። አብዮቱን የደገፉት የግራ ቡድኖች እርስ በርስ የሚናከሱ ነበሩ። ሳንካራ ቀስ በቀስ ወደ አንድ ድርጅት መጠቃለል አለባቸው ይል ነበር፤ ሌሎቹ ደግሞ በቶሎ ተጠቃልለው ያልተስማማው እንዲባረር ይፈልጋሉ። ከቡድኖቹ ከፊሉ ከኮምፓዎሬ ጀርባ ተሰለፈ። በ1987 ክረምት ሁለቱን መሪዎች የሚያዋርዱ ስም የሌላቸው ወረቀቶች በዋጋዱጉ ይበተኑ ጀመር። በኢሕአፓና በመኢሶን ዘመን ያለፈ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሦስተኛው ኑሮ ነው፤ በእኔ አመለካከት ከሚገባው በታች የሚነገረውም ይኸው ነው። ሳንካራ ባለሥልጣኑን ሁሉ ከመርሴዲስ አውርዶ በትንሿ ሬኖ 5 አስኬደው። ደመወዝ ቀነሰ። ሀብት በአደባባይ እንዲመዘገብ አደረገ፤ የራሱንም አስመዘገበ። በ1987 ደግሞ ለመሪዎች የሥነ ምግባር ደንብ ይውጣ የሚለውን ሐሳብ አጥብቆ ያዘ። አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ መኖር የሰለቻቸው መኮንኖች ነበሩ። ኮምፓዎሬም በ1985 ያገባት ሴት ከአይቮሪኮስቱ ፕሬዝዳንት ከሁፉዌት ቧኚ ቤተ ዘመዶች ጋር የምትቀራረብ ናት፤ በዚያ ቤት የሚታየው ኑሮና የዋጋዱጉው ቁጥብነት አይገናኙም።

አራተኛውና ቀኑን ያፋጠነው ፍርሃት ነው። በዚያው ሰሞን በአገር ግዛትና ጸጥታ ሚኒስቴር ሥር አዲስ ልዩ ኃይል ሊቋቋም ነው የሚል ነገር ተሰማ። የኮምፓዎሬ ወገን ይህን «እኛን ለመምታት ነው» ብሎ ተረጎመው። ሁለቱም ወገን ሌላው ሊቀድመኝ ነው ብሎ በሚያስብበት ሰዓት የሚያሸንፈው ጦሩን በእጁ የያዘው ነው። ሳንካራ ለቅርብ ሰዎቹ «ብሌዝ መፈንቅለ መንግሥት ሊያደርግብኝ መሆኑን የሰማችሁ ዕለት ነገሩ አልፏል» ይላቸው እንደነበር በሰፊው ይነገራል። ቀድመህ ያዘው ብለው የመከሩት ነበሩ፤ ጓደኛዬን አሳልፌ አልሰጥም ብሎ እንቢ አለ።

«ሳንካራ ሊያስገድለን ስለነበር ቀደምነው» የሚለው ክርክርስ?

የኮምፓዎሬ ወገን ያኔ ያስወራው በዚያው ዕለት ምሽት 2 ሰዓት በሚደረገው የወታደራዊ መሪዎች ስብሰባ ላይ ኮምፓዎሬና ሁለቱ የአብዮት ጓዶቹ ሊንጋኒና ዞንጎ ሊያዙና ሊገደሉ ነበር የሚል ነው። ይህን የሚያጸና ማስረጃ በችሎቱ አልተገኘም። ራስን መከላከል ከነበረ ደግሞ የሚጠበቀው ምርመራ ተከፍቶ ለሕዝብ እንዲነገር ነው። የሆነው የተገላቢጦሽ ነው፤ አስከሬኑ በሌሊት ተቀበረ፣ በጥይት የተበሳሳ ሰው በተፈጥሮ ሞተ ተባለ፣ ፍርድ ቤት መዝገቡን እንዳይከፍት 27 ዓመት ተዘጋበት። ራሱን የተከላከለ ሰው እንዲህ አይደብቅም።

የአዲስ አበባው የዕዳ ንግግር ነው ያስገደለው?

ጁላይ 29 ቀን 1987 (ሐምሌ 22 ቀን 1979 ዓ.ም.) ሳንካራ በአፍሪካ አዳራሽ በአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ ላይ ቆሞ ዕዳው መከፈል የለበትም አለ። ባንከፍል አበዳሪዎቻችን አይሞቱም፣ ብንከፍል ግን እኛ እንሞታለን ብሎ አስረዳ። ከዚያም በአንድነት እንቢ እንበል፣ ቡርኪና ፋሶ ብቻዋን እንቢ ካለች እኔ በሚቀጥለው ጉባኤ ላይ አልገኝም አላቸው። አዳራሹ ሳቀ፣ አጨበጨበም። ስለ አፍሪካ ዕዳ ብቻ የተጠራው ልዩ የመሪዎች ጉባኤ በዚያው ዓመት በኖቬምበር መጨረሻ እዚያው አዲስ አበባ ሲከፈት ሳንካራ ከተቀበረ ስድስት ሳምንት አልፎት ነበር። ይህን የሰማ ሰው ሁለቱን ባያገናኝ ነው የሚገርመው።

ነገር ግን በንግግሩና በግድያው መካከል 11 ሳምንታት ብቻ ናቸው ያሉት፤ ጓዶቹን የከፋፈለው ጠብ ግን ከጁላይ በፊት የጀመረ ነው። ንግግሩ ባይኖርም የጦሩ ታማኝነት፣ የፓርቲው ሽኩቻና የመኮንኖቹ መሰላቸት አይቀሩም ነበር። እኔ እንደሚገባኝ የአዲስ አበባው ንግግር የውጭ ወዳጆቹን ቁጥር አሳነሰ፤ ሊገድሉት ለተዘጋጁትም የሚያዝንለት ኃያል መንግሥት እንደሌለ አሳያቸው። ጥይቱን ግን እሱ አላስተኮሰም።

ፈረንሳይ እጇ አለበት?

ፍላጎት ነበራት ማለት ይቻላል። በሜይ 1983 ሳንካራ የታሰረው የፕሬዝዳንት ሚተራን የአፍሪካ አማካሪ ጊ ፔን ዋጋዱጉ በገባበት ሰሞን ነው። በኖቬምበር 1986 ሚተራን ራሱ ለጉብኝት ሲመጣ ሳንካራ በእራት ግብዣው ላይ የደቡብ አፍሪካውን የአፓርታይድ መሪ ቦታንና የአንጎላውን የአማጽያን መሪ ሳቪምቢን ለምን ተቀበላችሁ ብሎ ፊት ለፊት ወቀሰው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ቡርኪና ፋሶ በተባበሩት መንግሥታት በፈረንሳይ ሥር ያለችውን የኒው ካሌዶኒያን የነጻነት ጥያቄ ደግፋ ድምፅ ሰጠች። ፓሪስ ይህን ሁሉ በደስታ አላየችውም።

ፍላጎት ግን ማስረጃ አይደለም። በምርመራው ወቅት ከተሰሙት ምስክሮች አንዳንዶቹ ግድያው በተፈጸመ ማግስት የፈረንሳይ የስለላ ሰዎች ዋጋዱጉ ገብተው በኮምፓዎሬ ላይ የተጠለፉ የስልክ ንግግሮች እንዲጠፉ አድርገዋል ብለዋል። እውነት ከሆነ ከባድ ነገር ነው፤ ሆኖም ስለ ማግስቱ እንጂ ስለ ትእዛዙ አይናገርም። ፕሬዝዳንት ማክሮን በኖቬምበር 2017 በዋጋዱጉ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፊት የምስጢር ሰነዶቹ እንደሚለቀቁ ቃል ገባ። እስከ ኤፕሪል 2021 ድረስ ሰነዶቹ በሦስት ዙር ተላኩ። የቤተሰቡ ጠበቆች ግን የሚተራንና በወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው የሺራክ ጽሕፈት ቤቶች ወረቀቶች አልተካተቱም ብለው አጥብቀው ተቃወሙ። ትክክል ናቸው፤ መልሱ ካለ የሚገኘው እዚያ ነው።

ፍርድ ቤቱስ? የውጭ እጅ የሚመለከተው ክፍል ከዋናው መዝገብ ተነጥሎ ለብቻው እንዲቀጥል ስለተደረገ የ2022ቱ ውሳኔ ፈረንሳይን ጥፋተኛም ንጹሕም አላለም። «ፈረንሳይ መግደሏ ተረጋገጠ» የሚለውም፣ «ፈረንሳይ ነጻ ወጣች» የሚለውም ሐሰት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ወጣቶቻችን ሁሉን ነገር በፓሪስ ላይ ሲጭኑ በወዳጁ በር ገዳይ የላከውን ሰው ሳያውቁት ነጻ ያወጡታል። ኮምፓዎሬ የማንም አሻንጉሊት አልነበረም፤ ያሰበውን አድርጎ የፈለገውን ያገኘ ሰው ነው።

አይቮሪኮስት፣ ሊቢያና የላይቤሪያ ታጣቂዎች ስማቸው የሚነሳውስ ለምንድን ነው?

ሁፉዌት ቧኚ ከጎረቤቱ የሚነሳው የአብዮት ንፋስ ያስፈራው ነበር፤ ከኮምፓዎሬ ጋር የነበረው ቅርበትም በአደባባይ የታየ ነው። ጋዳፊ መጀመሪያ የሳንካራ ደጋፊ ነበር፤ በኋላ ግን ቀዘቀዘ፤ ከግድያው በኋላ ደግሞ ከኮምፓዎሬ ጋር ተወዳጀ። የላይቤሪያው የጦር አበጋዝ ፕሪንስ ጆንሰን በ2008 በሀገሩ የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን ፊት ቀርቦ፣ በስደት ቡርኪና ፋሶ የነበሩ ላይቤሪያውያን በግድያው እንደተሳተፉ ተናግሯል። በችሎቱ ግን ገዳዮች ተብለው የተፈረደባቸው የቡርኪና ወታደሮች ናቸው። ኮምፓዎሬ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የላይቤሪያውን የቻርልስ ቴይለርን አማጽያን መርዳቱ ጥርጣሬውን አጠንክሮታል፤ ያ ግን በኋላ የሆነ ነገር ነው።

ሕዝቡ ይወደው ከነበር ለምን ወዲያው አልተነሳም?

ሳንካራን የምንወድ ሰዎች ይህን ጥያቄ መሸሽ የለብንም። በአራት ዓመት ውስጥ ሕጻናትን በዘመቻ ያስከተበ፣ የሴት ልጅ ግርዛትንና የግዳጅ ጋብቻን የተዋጋ መንግሥት ነው። በዚያው መጠን በ1984 የሥራ ማቆም አድማ የመቱ መምህራንን በጅምላ አባረረ። መፈንቅለ መንግሥት አሲራችኋል ብሎ ሰባት ሰዎችን በዚያው ዓመት ረሸነ። የየቀበሌው የአብዮት ጥበቃ ኮሚቴዎች ጠመንጃ ይዘው ሰው ያጉላሉ ነበር። የሠራተኛ ማኅበራቱ፣ የባህል መሪዎቹና ደመወዝተኛው በ1987 ቅር ተሰኝተው ነበር። ሤረኞቹ ይህን ያውቁ ነበር፤ ቀኑን የመረጡት ከተማው እንደማይነሳ ገምተው ነው።

ቢሆንም ዝም አልተባለም። በኩዱጉ የሰፈረው ጦር አዲሱን መንግሥት አልቀበልም ብሎ በኃይል ተደመሰሰ። ሰዎችም በማግስቱ ወደ ዳኞኤን እየጎረፉ መቃብሩ ላይ አበባና ማስታወሻ አኖሩ።

ሌሎቹ ሁለት የአብዮቱ መሪዎች ምን ሆኑ?

አብዮቱን የመሩት አራት መኮንኖች ነበሩ፤ ሳንካራ፣ ኮምፓዎሬ፣ ዣን ባፕቲስት ሊንጋኒና ኦንሪ ዞንጎ። ሁለቱ ከግድያው በኋላ ከኮምፓዎሬ ጋር ቀጠሉ። በሴፕቴምበር 1989 መፈንቅለ መንግሥት ልታደርጉ ነው ተብለው ተረሸኑ። ከአራቱ አንድ ቀረ።

ፍርዱ ለምን 34 ዓመት ፈጀ?

ተከሳሹ ፕሬዝዳንት ስለነበር ነው። የሳንካራ ባለቤት ወይዘሮ ማሪያም በ1997 የይርጋው 10 ዓመት ሊሞላ ሲቃረብ ክስ መሠረቱ። ፍርድ ቤቶቹ ጉዳዩ የወታደራዊ ችሎት ነው፣ ሥልጣን የለንም እያሉ መለሱት፤ ወታደራዊው ክስ እንዲከፈት ማዘዝ የነበረበት ባለሥልጣንም ሳያዝ ቀረ። በ2006 የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴ ለቤተሰቡ ፈረደ፤ ምርመራ ግን አልተከፈተም። በሩ የተከፈተው ኮምፓዎሬ ሕገ መንግሥቱን ቀይሮ ሥልጣኑን ሊያራዝም ሲል ሕዝቡ ኦክቶበር 2014 ላይ ፓርላማውን አቃጥሎ ካባረረው በኋላ ነው። በ2015 መቃብሮቹ ተከፈቱ፤ አስከሬኖቹ በመበላሸታቸው የዘረመል ምርመራው ውጤት አልሰጠም። ችሎቱ ኦክቶበር 11 ቀን 2021 (ጥቅምት 1 ቀን 2014 ዓ.ም.) ተጀመረ፤ መካከል ላይ፣ በጃንዋሪ 2022፣ ሌላ መፈንቅለ መንግሥት ተደርጎ ለጊዜው ተቋረጠ፣ ከዚያ ቀጠለ።

አስከሬኖቹ በፌብሩዋሪ 2023 እንደገና የተቀበሩት በተገደሉበት ግቢ ውስጥ ነው። የሳንካራ ቤተሰብ ቦታውን ተቃውሞ ከሥነ ሥርዓቱ ቀረ። ደም የፈሰሰበት መሬት ማረፊያ ይሁን መባሉን አልተቀበሉትም።

ኮምፓዎሬ አምኗል? ይታሰር ይሆን?

በጁላይ 2022 ለሕዝቡና በተለይ «ለወንድሜና ለወዳጄ ለቶማስ ሳንካራ ቤተሰብ» ብሎ የይቅርታ ደብዳቤ ልኳል። ደብዳቤው ግን ማን ምን እንዳዘዘ አንድም ቃል አይናገርም፤ ኑዛዜ የሌለበት ይቅርታ ነው። በዚያው ወር የወታደራዊው መንግሥት እንግዳ ሆኖ ዋጋዱጉ ደርሶ ሳይያዝ ተመልሷል፤ ቅጣቱ በጸናበት ከተማ ውስጥ ማለት ነው። ከ2014 ጀምሮ የሚኖረው አይቮሪኮስት ሲሆን የሀገሪቱን ዜግነት አግኝቷል፤ አይቮሪኮስትም አሳልፋ አልሰጠችውም። ካፋንዶም በ2015 ለምርመራ ሲጠራ ጠፍቶ የመያዣ ትእዛዝ ወጥቶበታል። ከሦስቱ ዋና ፍርደኞች ወህኒ ቤት ሆኖ ፍርዱን የሰማው ዲያንዴሬ ብቻ ነው፤ እሱም በ2015 ባደረገው ሌላ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ አስቀድሞ 20 ዓመት ተፈርዶበት ስለነበር ነው።